«ሜትሮፖሊስ»ን ጀምራችሁ ለተዋችሁት፦ ድምፅ አልባውን ፊልም እስከ መጨረሻው የማያ ዝርዝር መመሪያ

«ሃያ ደቂቃ አየሁት፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።» ስለ «ሜትሮፖሊስ» ባነሳሁ ቁጥር የምሰማው ይህንን ነው። በቅርቡ አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን አንዲት ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ እንደተወችው ነገረችኝ። አፍራ ነበር። ፊልሙን ሁሉም ሰው ያደንቀዋል፣ እሷ ግን አልያዘላትም። «ችግሩ እኔ ጋ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እሷ ጋ አልነበረም። ስልኳን ተቀብዬ የምታየውን ኮፒ ከፈትኩት። ርዝመቱ ከሚገባው አንድ ሰዓት ያህል ያንሳል። ሙዚቃው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለጠፈ ነው። ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ የሰው ፊት ድፎ ዳቦ መስሏል። እንዲህ ያለውን ኮፒ እኔም አልጨርሰውም።

መመሪያው የተጻፈው ቤት ውስጥ ከሦስት እስከ ስምንት ሰው ሆኖ ለማየት ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁም ይሠራል። ደረጃዎቹን ግን አትዝለሉ። አብዛኛው ሰው ፊልሙን የሚያጣው ገና ሳይጀምረው ነው።

## የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ፊልሙ የተጫነበት ፍላሽ ወይም ላፕቶፕ
- ቲቪ ወይም ፕሮጀክተር
- ከቲቪው የተሻለ ድምፅ ያለው ስፒከር
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- መስኮት የሚሸፍን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ
- ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ማንም የማይነካው

## ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ኮፒ ያዙ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ነው። «ሜትሮፖሊስ» ፍሪትዝ ላንግ ያዘጋጀው የጀርመን ፊልም ነው፤ ጌቶች ከላይ፣ ሠራተኞች ከመሬት በታች ስለሚኖሩባት ከተማ ይናገራል። በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በጥር 1927 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብዙም ሳይቆይ ተቆራረጠ። የተቆረጠው ክፍል ጠፍቶ ኖሮ አብዛኛው በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ፣ በአንድ የፊልም ሙዚየም ተገኘ። ተጠግኖ የወጣው በ2010 ነው። ስለዚህ ዛሬ «ሜትሮፖሊስ» የሚል ስም ያላቸው በጣም የተለያዩ ፊልሞች ይዞራሉ። መጀመሪያ ርዝመቱን ተመልከቱ።

1. ወደ 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ የ2010ሩ ነው። የምትፈልጉት ይሄንን ነው።
2. 2 ሰዓት አካባቢ ከሆነ የ2001ዱ ጥገና ሊሆን ይችላል። ምስሉ ያምራል፣ ታሪኩ ግን ይጎድላል። ሌላ ካጣችሁ ብቻ ተጠቀሙበት።
3. ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ሆኖ የፖፕ ዘፈን ካለው ሙዚቀኛው ጆርጆ ሞሮደር በ1984 ያወጣው ነው። ለሁለተኛ ዙር አስቀምጡት።
4. አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኖ ምስሉ ከደበዘዘ አጥፉት።

ርዝመት ብቻውን አይበቃም። አንዳንዱ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ተደርጎ ይረዝማል። ስለዚህ ፊልሙን እዚህም እዚያም እያሳለፋችሁ የተጫጫሩ ቦታዎችን ፈልጉ። በ2010ሩ ኮፒ ላይ አንዳንድ ትዕይንቶች ድንገት ዝናብ የሚዘንብባቸው ይመስላሉ። ምስሉም ትንሽ ይጠባል፣ ጠርዙ ይጠቁራል። ብልሽት አይደለም። ከአርጀንቲናው ባለ 16 ሚሊሜትር ኮፒ የተገኙት ክፍሎች እነሱ ናቸው። ጭረቱን ካላገኛችሁ ሙሉውን አልያዛችሁም።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? ሄል የምትባል ሴት አለች። ፊልሙ ሲጀምር ሞታለች። የከተማዋ ጌታ ሚስት ነበረች፤ ፈልሳፊው ሮትቫንግም ይወዳት ነበር። ሮትቫንግ የማሽን ሰው የሠራው ለእሷ ብሎ ነው። አጭሮቹ ኮፒዎች ሄልን አውጥተው ጥለዋታል። እሷ ስትወጣ ሮትቫንግ ያለ ምክንያት የሚቃዥ ሰው ሆኖ ይቀራል። «አልገባኝም» የሚሉ ብዙ ሰዎች በእርግጥም እንዲገባቸው የሚያደርገው ክፍል አልታያቸውም።

ማስጠንቀቂያ፦ በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ ወይም እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ የተደረገ ኮፒ አትውሰዱ። ፊት ሰም ይመስላል። ዓይን ውስጥ ያለው ነገር ይጠፋል፤ ይህ ፊልም ደግሞ የሚናገረው በዓይን ነው።

ከኢንተርኔት በቀጥታ ለማየትም አትሞክሩ። መሃል ላይ ኔትወርክ ከቆመ ሰው ስልኩን ያወጣል፤ ስልክ ከወጣ ደግሞ አይመለስም። በሌሊት ጥቅል አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑት። ፍላሹን በምታዩበት ቲቪ ላይ ሰክታችሁ ቀድማችሁ ፈትኑ። ትልቅ ፋይል የማይቀበል ቲቪ አለ።

## ደረጃ 2፦ የምስሉን ቅርፅ አስተካክሉ

የዛሬ ቲቪ ሰፊ ነው። የፊልሙ ምስል ግን ጠበብ ያለ ነው፣ ወደ ካሬ ይጠጋል። ቲቪው በራሱ ፈቃድ ይለጥጠዋል።

1. የቲቪውን ማስተካከያ ክፈቱ። የምስል መጠኑን 4 ለ 3 ወይም «ኦሪጅናል» አድርጉት። ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።
2. እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ አጥፉ።
3. መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ትልቅ ሰዓት ጠብቁና አቁሙት። ክብ ነው? ጨርሳችኋል። እንቁላል መስሏል? ወደ ቁጥር 1 ተመለሱ።

አንድ ጊዜ እዚሁ መሃል ከተማ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይህንን ፊልም ለማየት ገብቼ ነበር። ምስሉን እንደተለጠጠ ለቀቁት። ሰዉ ሳቀ። በአስረኛው ደቂቃ ሦስት ሰው ወጣ። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፤ ማስተካከያው ሁለት በተን መንካት ብቻ ነበር።

## ደረጃ 3፦ ሙዚቃውን አረጋግጡ

ድምፅ አልባ ማለት ዝም ያለ ማለት አይደለም። በዘመኑ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ ነበር። ለ«ሜትሮፖሊስ» ጎትፍሪድ ሁፐርትስ የተባለ ሰው ሙዚቃ ጽፎለታል። ፊልሙ ሲጠገን የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተል ለማወቅ የረዳው አንዱ ነገር እሱ ያስቀረው የሙዚቃ ጽሑፍ ነው። ሙዚቃውና ምስሉ የተሰፉት አንድ ላይ ነው።

ኮፒያችሁ የኦርኬስትራ ሙዚቃ አለው? ማሽኖቹ ሲንቀሳቀሱ ሙዚቃው አብሮ ይመታል? ጥሩ። አንዲት አጭር የፒያኖ ዜማ ደጋግማ የምትዞር ከሆነ ግን ሌላ ኮፒ ፈልጉ።

በራሳችሁ ምርጫ ሙዚቃ ለመለጠፍ አትሞክሩ። እኔ ኢትዮ ጃዝ ሞክሬያለሁ። አስር ደቂቃ ያህል ደስ ይላል። ወደ መጨረሻው ጎርፍ ሲመጣ ግን ከበሮው ያለ ቦታው ወደቀና ከውሃው የሚሸሹት ልጆች የሚጨፍሩ መሰለ። ያንን ዳግመኛ አላደርገውም።

## ደረጃ 4፦ ተራኪ መድቡ

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ፊልሙ መሃል መሃል ላይ ጽሑፍ ያሳያል። ጽሑፉ ጀርመንኛ ነው፤ ከታች ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ። ሰው ጽሑፉን ሊያነብ ይሮጣል፣ ግማሹ ሳይደርስበት ያልፋል። ከዚያ አጠገቡ ያለውን «ምን አለ?» ይላል። ያኛውም አላነበበም። በዚህ ዓይነት ሁለት ሰዓት ተኩል መቀመጥ በእርግጥ ያደክማል።

መፍትሔው እኛው ሰፈር ውስጥ ነው። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ትርጉም ፊልም ያውቃል። ተራኪው ሁሉንም ገጸ ባሕሪ በአማርኛ ይዞት ይሄዳል። ጃፓኖችም በድምፅ አልባው ዘመን ቤንሺ የሚባል ተራኪ ከስክሪኑ አጠገብ ያቆሙ ነበር። ከመካከላችሁ ድምፁ የማያሰለች አንድ ሰው ምረጡ።

ተራኪው ቀድሞ የሚሠራው፦

1. ፊልሙን ብቻውን አንድ ጊዜ ይየው። በአንድ ቀን አይጨርሰው፤ በሁለት ቀን ይከፋፍለው።
2. እያንዳንዱ ጽሑፍ ሲመጣ ያቁም። በራሱ አማርኛ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። አጭር ይሁን፤ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ።
3. በየጽሑፉ አጠገብ ደቂቃውን ይጻፍ። ኋላ መብራት ሲጠፋ ደብተሩ ያድናችኋል።
4. ስሞችን ያቅልል። አባትየው ፍሬደርሰን፣ ልጁ ፍሬደር ነው። ሲነበቡ ይምታታሉ። «ጌታው» እና «ልጁ» ብሎ ይለያቸው። የጌታው ጸሐፊ የነበረውን ዮሳፋትን «ኢዮሳፍጥ» ቢለው ቶሎ ጆሮ ይገባል።
5. አንተና አንቱን አስቀድሞ ይወስን። ልጁ አባቱን አንቱ ይበል፤ እንደዚያ ካልሆነ ገና ከመጀመሪያው የተጣሉ ይመስላል። ሠራተኞቹም ጌታውን አንቱ ይበሉ። ጌታውና ሮትቫንግ ግን አንተ ይባባሉ። በአንዲት ሴት የተጋጩ የድሮ ሰዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ክብር አልቀረም።

አንድ ቃል ላይ ብዙ ታግያለሁ። የፊልሙ ዋና ዓረፍተ ነገር በግርድፉ «በጭንቅላትና በእጆች መካከል ያለው አስታራቂ ልብ መሆን አለበት» የሚል ነው። መጀመሪያ «አማላጅ» ብዬ ጽፌ ነበር። ለጆሮ ያምራል። ግን ይህንን የምትናገረው ሴት ስሟ ማሪያ ነው። ከመሬት በታች፣ መስቀል በተደረደረበት ቦታ ቆማ ነው የምትሰብከው። አማላጅ ሲባል እኛ ቤት ወዴት እንደሚኬድ ታውቃላችሁ። ሰዉ ሁሉ አማላጇ እሷ ናት ብሎ ደመደመ፤ ፊልሙ ግን የሚለው ሌላ ነው። እሷ የሚመጣውን ትጠብቃለች እንጂ እሷ አይደለችም። «ሽማግሌ» ብልስ ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞ የሚያስታርቀው የጌታው ልጅ ወጣት ነው። በመጨረሻ «አስታራቂ» አልኩና ተገላገልኩ። እናንተም በዚሁ ያዙ።

በማየቱ ሰዓት፦ ተራኪው ጽሑፉን ብቻ ያንብብ። እንደ ትርጉም ፊልሙ መሃል መሃል ላይ ቀልድ አይጨምር፣ የሚታየውንም አይተርክ። ጽሑፍ ሲመጣ ሁለት ሰከንድ ይጠብቅ። አንዳንዱ ጽሑፍ በራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ስለ ሠራተኞቹ ከተማ የሚናገረው ወደ ታች ይወርዳል፣ «ባቤል» የሚለው ደም ያንጠባጥባል። ሰዉ ያንን አይቶ ይጨርስ፣ ከዚያ ይነበብ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ፦ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ማቆሚያውን ተጫኑ፣ አንብቡ፣ ቀጥሉ። ሃያ ደቂቃ ቢጨምር ነው።

## ደረጃ 5፦ ሰዓቱንና ክፍሉን አዘጋጁ

ማታ አታድርጉት። ከእረፍቱ ጋር ሦስት ሰዓት ስለሚፈጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት የጀመረ ሰው በ4 ሰዓት ይወጣል። ከአራት ኪሎም ሆነ ከፒያሳ በዚያ ሰዓት ታክሲ የሚፈልግ ሰው የመጨረሻውን ሠላሳ ደቂቃ አያይም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሩ። 11 ሰዓት ላይ ሁሉም በብርሃን ይወጣል።

መስኮቱን በጋቢ ሸፍኑ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን ካለ ጥቁሩ አመድ ይሆናል። ስልኮችን አንድ ሳህን ላይ ሰብስቡ፤ ሳህኑን ጓዳ አስቀምጡት።

ቡናን በተመለከተ፦ ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ ፊልሙ ሳይጀምር ጨርሱ። አቦሉን ከመጀመራችሁ በፊት ጠጡ፣ ቶናውን በመጀመሪያው እረፍት፣ በረካውን በሁለተኛው። ፕሮጀክተር ካላችሁ ዕጣን አታጭሱ። ጭሱ በብርሃኑ ውስጥ ይገባና ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ፊልሙ ራሱ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ የክፍሎቹ ስም በጽሑፍ ይመጣል። የመጀመሪያው ረጅም ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ሁለተኛው አጭር ነው። ሦስተኛው ሩጫ ነው። እረፍት የምትወጡት በክፍሎቹ መካከል ባሉት ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው። ሌላ ቦታ አታቁሙ።

## ደረጃ 6፦ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ተሻገሩ

ሰው የሚያንቀላፋው እዚህ ነው። ታሪኩ ገና አልተነሳም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተመልካች የሚፈልገው ነገር ስጡት።

1. ሠራተኞቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ እርምጃቸውን ተመልከቱ። የሚገቡት አንድ ዓይነት ይራመዳሉ። የሚወጡት ከእነሱ ይዘገያሉ። ያለ አንዲት ቃል ድካም ይታያል።
2. ማሪያ ልጆቹን ይዛ ወደ ሀብታሞቹ የአትክልት ቦታ ስትገባ የጌታውን ልጅ ፊት ብቻ ተመልከቱ። እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ይህንን ምልክት ያዙት፤ ተመልሶ ይመጣል።
3. ማሽኑ ሲፈነዳ ልጁ የሚያየውን ጠብቁ። ማሽኑ አፍ ያወጣል። ሰው የሚበላ ጣዖት ይሆናል፣ ሞሎክ።

ሞሎክ ላይ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ አይተኛም። ከዚህ በፊት ማንም እንዳይነሳ አድርጉ።

የትወናው እጅና ዓይን ሲበዛ አንዳንዱ ይስቃል። አትቆጡት። የመድረክ ቴአትር አስታውሱት፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጠው እንዲታይ እጅ ሰፋ ይላል። እዚህ ደግሞ ድምፅ የለም። ሰውነት የድምፁን ሥራ ጭምር ነው የሚሠራው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዓይን ይለምደዋል።

## ደረጃ 7፦ ሁለቱን ማሪያዎች ለዩ

ሰው የሚጠፋበት ሁለተኛው ቦታ ይህ ነው። ሮትቫንግ የማሽኑን ሰው በማሪያ መልክ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ማሪያ አለ። ሁለቱንም የምትጫወተው ብሪጊተ ሄልም ናት። ካልተለዩ ቀሪው ፊልም ይበጠበጣል።

እውነተኛዋ ዓይኗ ሙሉ ክፍት ነው፤ እንቅስቃሴዋ ለስላሳ ነው፣ የሚያስፈራት ነገር ሲመጣ ትሸሻለች። ሐሰተኛዋ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጥቅሻ ነው፣ ግን የቀዘቀዘ ጥቅሻ። አንገቷ እየነጠረ ይዞራል፣ ትከሻዋ ይጣመማል። የመጀመሪያዋን ጥቅሻ ስታዩ ተራኪው አንድ ጊዜ ብቻ «ይህችኛዋ ማሽኗ ናት» ይበል። በዚህ ፊልም ላይ ከጽሑፉ ውጭ እንዲናገር የምፈቅድለት አንዴ፣ እዚህ ብቻ ነው።

ሐሰተኛዋ ስትጨፍር ሰባት ራስ ባለው አውሬ ላይ ትታያለች። ራእየ ዮሐንስን የሰማ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የባቢሎን ግንብም፣ ሰባቱ ኃጢአቶችም እንዲሁ ናቸው። ቤታችሁ ቄስ ወይም የሰንበት ተማሪ የሆነ ዘመድ ካለ ጋብዙት። አክስቴ በሕይወቷ አንድም ድምፅ አልባ ፊልም አይታ አታውቅም፤ ይህንን ትዕይንት ግን ከሁላችንም ቀድማ አወቀችው።

## አንድ ነገር ሲበላሽ

መብራት ከጠፋ፦ የላፕቶፑን ባትሪ ቀድማችሁ ሙሉ። ሁሉም ወደ ላፕቶፑ ይጠጋ። ያም ካልሆነ ደብተሩ ላይ የመጨረሻውን ጽሑፍ ምልክት አድርጉ። ስትቀጥሉ ካቆማችሁበት ሰከንድ አትጀምሩ፤ ከዚያ ጽሑፍ ጀምሩ።

ሁሉም ሰው የሚሮጥ ከመሰለ፦ በእጅ በሚዞር ካሜራ ዘመን የፊልም ፍጥነት አንድ ዓይነት አልነበረም። በማጫወቻው ፍጥነቱን ወደ 0.9 ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሙዚቃው ከጎተተ ግን መልሱት። እኔ ሙዚቃውን እመርጣለሁ።

ድንገት ጥቁር ገጽ ላይ ረጅም ጽሑፍ ከመጣ፦ አትደንግጡ። በ2010ሩ ኮፒ ላይ እንኳ ያልተገኙ ትዕይንቶች አሉ። ጌታውና ሮትቫንግ የሚደባደቡበት አንዱ ነው። ጽሑፉ የጎደለውን ይነግራችኋል። ተራኪው ይህንን ሳያሳጥር ያንብብ።

አንድ ሰው ከተኛ፦ እስከ እረፍቱ ተዉት። በእረፍቱ ተራኪው በሦስት ዓረፍተ ነገር ያለፈውን ይንገረው። ከሦስተኛው ክፍል በፊት የነቃ ሰው ብዙ አያመልጠውም፤ ጎርፉ ያለው እዚያ ነው። ውሃ ውስጥ ያሉት ሕፃናት ሁሉ እውነተኛ ልጆች ናቸው፤ ኮምፒውተር አልነበረም። ያንን ክፍል ስልኩን ይዞ ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

መጨረሻው ካላረካችሁ፦ ይህ እንዲያውም የተለመደ ነው። ጌታና ሠራተኛ በአንድ የእጅ ሰላምታ ይታረቃሉ፤ ብዙ ሰው አይዋጥለትም። ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ ራሱ ኋላ ላይ ሐሳቡን ተረት ብሎታል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ በ1927 ፊልሙን ክፉኛ ነቅፎታል። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ ተከራከሩ። ፊልሙን የማይወድ ሰው ቢገኝም ልክ ነው፤ የማልፈልገው ሳያየው የሚጠላውን ነው።

ሁሉም ነገር ተሟልቶ አሁንም ካልሆነላችሁ፦ ከመጀመሪያው አትጀምሩት። ሦስተኛውን ክፍል ብቻ፣ ብቻውን፣ በሌላ ቀን እዩት። ደስ ካላችሁ ወደ አንደኛው ተመለሱ። አራት ኪሎ ያለችው ጓደኛዬ በመጨረሻ ያየችው በዚህ መንገድ ነው። ደብተሩን ወስዳ አልመለሰችልኝም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤተሰቦቿ ቤት ተራኪዋ እሷ ናት።